ባል ቦርድ ላይ፣ ሚስት ሒሳብ ክፍል

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም አራት ደብዳቤዎች አሉን። ሁሉም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ነው የመጡት። የሚያወሩትም ስለ አንድ ነገር ነው፤ አንዱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሌላው እዚያው ድርጅት ውስጥ ስለሚሠራ ወይም ከድርጅቱ ጋር ስለሚነግድ ባለትዳር። የሰዎቹንም የድርጅቶቹንም ስም ትተነዋል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ሕፃናትን የሚረዳ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት አለ፤ እኔ የቦርዱ ጸሐፊ ነኝ። ሰባት ነን፣ ሁላችንም ያለ ክፍያ ነው የምናገለግለው። ዓምና አንድ የሕግ ባለሙያ ተቀላቀለን። ጥሩ ሰው ነው፣ ውል ሲመጣ እሱ ነው አንብቦ የሚያስረዳን። ችግሩ ሚስቱ የድርጅቱ ፋይናንስ ኃላፊ ናት። እሷም ጎበዝ ናት፣ የተቀጠረችውም እሱ ሳይመጣ በፊት ነው። አሁን ደግሞ "የቦርዱ ገንዘብ ያዥ ይሁን" እየተባለ ነው። ገንዘብ ያዥ ከሆነ ቼክ ላይ ይፈርማል። ነገሩን ሳነሳ ሊቀመንበሩ "አንቺ ደግሞ! ባሕር ዳር ውስጥ የማይዛመድ ማን አለ? ሰዎቹን ሌባ ልትያቸው ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘግቻለሁ። ልጅቷ ጋር እድራችን አንድ ነው፣ ፊት ለፊት እንተያያለን። ሕግ ይከለክለዋል? ካልከለከለስ ምን ላድርግ? (የቦርድ ጸሐፊዋ፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እህቴ፣ ሊቀመንበሩ ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሹ ሰው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ አብሮ የተማረ ነው፣ ቢሮው ተቀራራቢ ነው፣ በእድር ወይ በጽዋ ማኅበር ወይ በክርስትና ልጅ መገናኘቱ አይቀርም። ሰባት ጭራሽ የማይተዋወቁ ሰዎች ፈልጉ ብትባሉ ቦርዱ ባዶውን ይቀራል። ግን መተዋወቅ ሌላ፣ አንድ ቤት መኖር ሌላ። ስለ ሌብነቱም አንቺ የተናገርሽው ነገር የለም። የጥቅም ግጭት አለ ሲባል ሰውዬው የተቀመጠበት ቦታ ወደ ሁለት በኩል ይስበዋል ማለት ነው፤ ጻድቅም ቢቀመጥበት ይስበዋል።

ከገንዘቡ እንጀምር። የፌዴራሉም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ በሥራቸው የሚያገኙትን ገቢ በመርህ ደረጃ የጋራ ሀብት ነው የሚለው። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊዋ ደመወዝ የእሱም ነው። በጀት ሲጸድቅ፣ የደመወዝ ስኬል ሲከለስ፣ የበዓል ጉርሻ ሲወሰን እጁን ሲያወጣ ስለ ራሱ ቤት ነው እጁን የሚያወጣው። "የእሷ ነው እንጂ የእኔ አይደለም" የሚል የሕግ ባለሙያ ካለ፣ እሱ ራሱ ደንበኛውን እንዲያ አይመክረውም።

አብዛኛው ሰው ታዲያ "የእሷ ደመወዝ ሲነሳ ይውጣ፣ አለቀ" ይላል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ደመወዙ በዓመት አንዴ የሚነሳ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ሥራ አስኪያጃችሁ ጋ ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረው፣ የሚገመግመው፣ ሲያስፈልግም የሚያሰናብተው ቦርዱ ነው። ፋይናንስ ኃላፊዋን የሚገመግማት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ነው። እሱ የእሷ አለቃ፣ ባሏ የእሱ አለቃ። አሁን ወርሃዊ ሪፖርት ሁለት ጊዜ ዘገየ እንበል። ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍ ብዕር ያነሳል፣ ከዚያ የራሱ ኮንትራት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቦርድ ላይ እንደሚቀርብ ትዝ ይለዋል፣ "እስቲ ይሁን፣ ሥራ በዝቶባት ነው" ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። ማንም ማንንም አላስፈራራም፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚጻፍ ነገርም የለም። ድርጅቱ ግን ሥራ አስኪያጁ የማይነካው አንድ ሠራተኛ አለው።

ገልብጠሽም እይው። ሥራ አስኪያጁ የወሰደውን የመስክ ቅድመ ክፍያ ሳያወራርድ ከረመ እንበል። መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት፣ ሥራዋ ነው። ማታ እራት ላይ ብትናገረው ምን ይገርማል? ባለትዳሮች እኮ ናቸው። ባልየው በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄውን ያነሳል፣ ትክክለኛ ጥያቄም ነው፣ ግን ሥራ አስኪያጁ "ቤት ውስጥ ተመክሮብኝ ነው የመጣው" ይላል። ከዚያ በኋላ እውነቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፣ ወሬው ስለ ባልና ሚስቱ ይሆናል። በዚህ መሃል በጣም የምትጎዳው እሷ ናት። ጥሩ ብትሠራ "ባሏ ቦርድ ላይ ስላለ"፣ እድገት ብታገኝ "ባሏ ቦርድ ላይ ስላለ"። ከእሱ በፊት በራሷ ብቃት የተቀጠረች ሴት ሥራዋን በባሏ ስም ተቀማች።

አንቺስ? የሩብ ዓመት ሒሳብ ሪፖርት ሲቀርብ "ይኼ 60 ሺህ ብር ምንድን ነው?" ብለሽ ባሏ አጠገብሽ ተቀምጦ ትጠይቂያለሽ? አፌን ዘግቻለሁ ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ሊቀመንበሩ "ምን ጉዳት ደረሰ?" ካሉ ይኸው፣ ጸሐፊያቸው መጠየቅ አቁማለች።

የገንዘብ ያዥነቱ ነገር ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ሳይጀመር መቆም አለበት። ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ የሚጠየቀው ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ከሁለት የተለያየ ቤት፣ አንዱ ሌላውን እንዲያይ ነው። ክፍያውን የምታዘጋጀው ሚስት፣ የሚፈርመው ባል ከሆነ ሁለቱም ፊርማ ከአንድ ጓዳ ወጣ ማለት ነው። ኦዲተርም ቢሆን ሰነዱን ገልጦ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። መጀመሪያ የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን አውጥተሽ ማን እንደሰጣችሁ እዪ። ድርጅታችሁ ከአንድ በላይ ክልል ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የሚገዛችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፣ ተጠሪነታችሁም አዲስ አበባ ላለው ባለሥልጣን ነው። አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትሠሩት ደግሞ የክልሉ ሕግና የክልሉ መዝጋቢ ነው የሚመለከታችሁ። ይህን ሳይለዩ "ሕጉ እንዲህ ይላል" እየተባባሉ የሚጨቃጨቁ ቦርዶች ብዙ ናቸው። ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንባችሁን ክፈቺ፤ ስለ ቦርድ አባልነት መስፈርት፣ ስለ ዝምድና፣ ስለ ቼክ ፈራሚዎች የሚለውን ቦታ በእርሳስ አስምሪበት። የጋብቻ ዝምድናም ዝምድና ነው፤ "የሥጋ ዘመዱ አይደለችም" የሚል ክርክር እንዳትሰሚ። ደንቡ ዝም ካለ ለማሻሻል ጥሩ አጋጣሚ አገኛችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለማያስበው። 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል (በድሮው 621/2001 ዘመን 30 ነበር)። የፋይናንስ ኃላፊ ደመወዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያ 20 በመቶ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወጪ መቀነስ ሲመጣ፣ የማን ቦታ ይታጠፍ፣ የማን ይቆይ የሚለው ውይይት የሚካሄደው ባልየው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

እንዴት ታንሺው? እንደገና በስብሰባ ላይ አታንሺው። መጀመሪያ ራሱን አግኚው፣ ብቻውን። የሕግ ሰው ነው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። "ወንድሜ፣ ነገ ኦዲት ላይ የባለቤትህ ስም በክፉ እንዳይነሳ ብዬ ነው" በይው፤ እውነትሽንም ነው። ብዙ ሰው እኮ ራሱ ጨንቆት ሰበብ እያጣ ነው የሚቀመጠው። ከቦርዱ ይውጣና በነፃ የሕግ አማካሪ ሆኖ ይቀጥል። ውል ያነባል፣ ይመክራል፣ ድምፅ አይሰጥም። ከእሱ የፈለጋችሁት ይኸው አይደል?

ከዚያ ለስብሰባ አንድ ገጽ የጥቅም ግጭት መመሪያ አዘጋጂ። የማንንም ስም አትጥሪ። እያንዳንዱ የቦርድ አባልና ኃላፊ በየዓመቱ አንድ ቅጽ ይሙላ፦ የትዳር ጓደኛህ፣ ልጅህ፣ ወንድም እህትህ፣ አማትህ፣ የሚስትህ ወንድም እዚህ ይሠራል? ለድርጅቱ ዕቃ ይሸጣል? ቤት ያከራያል? መጀመሪያ የራስሽን ሙይና አንብቢ፣ የእድሩንም ጭምር ጻፊው። ሊቀመንበሩ "ሌባ ልትያቸው ነው?" የሚሉበት ቦታ አይኖራቸውም፤ ሁሉም ሰው ነው የሚሞላው።

"ለጊዜው ይቆይ፣ የአገልግሎት ዘመኑን ይጨርስ" ከተባለ ደግሞ ገንዘብ ያዥ አይሆንም፣ በጀትና ኦዲት ሲቀርብ አይኖርም፣ የሥራ አስኪያጁ ግምገማ ላይ አይኖርም፣ የሠራተኛ ጉዳይ ላይ አይኖርም። ሲወጣም ጥርት ብሎ ይውጣ፤ በረንዳ ላይ ቆሞ በመስኮት የሚሰማ መውጣት አይቆጠርም። ቃለ ጉባኤ ላይ "አባል እገሌ የጥቅም ግጭት እንዳለባቸው ገልጸው ከውይይቱ ወጥተዋል፣ ውሳኔው በቀሩት ስድስት አባላት ተሰጥቷል" ብለሽ ጻፊ፤ ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱንም አረጋግጪ። ግን በጀት፣ ኦዲት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኛ ከተቀነሰ የቦርድ ሥራ ምኑ ቀረ? ሻይና ቆሎው ነው የሚቀረው። ለዚህ ነው ቢወጣ ይሻላል የምለው።

ጥያቄ፦ በጣና ዳርቻ እምቦጭ በማስወገድ ላይ የሚሠራ ማኅበር የቦርድ አባል ነኝ። ማኅበሩ የመስክ አስተባባሪ ቅጥር አውጥቷል። ባለቤቴ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ናት፣ የሐይቁን ዳር ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ታውቀዋለች፣ ሥራ ካጣችም ከረመች። ከቃለ መጠይቁ ኮሚቴ ብወጣ በቂ ነው? ደግሞስ በእኔ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ምክንያት እሷ እንጀራዋን ትጣ? (ከዘጌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሷ ምንም አትጣ። ታመልክት። አንተ ውጣ። ግን መቼ እንደምትወጣ ነው ቁም ነገሩ፤ ማመልከቻዋ ሳይገባ በፊት፣ በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት። ተፈትና አልፋ፣ ደብዳቤ ደርሷት፣ ከዚያ "ለቅቄያለሁ" ብትል ያው በአንተ ወንበር ገባች ነው የሚባለው። ከኮሚቴው ብቻ መውጣቱ ደግሞ አይረዳም። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሰዎች የአንተ ጓደኞች ናቸው፣ ወይም አንተ የምትገመግመው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሚስትህን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ከ100 ስንት ይስጧት? ብትወድቅ ከአንተ ጋር ይቀያየማሉ፣ ብታልፍ ከአገሩ ጋር።

ለማኅበሩም ለእሷም የሚጠቅመው ማስታወቂያው ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፉ፣ የጽሑፍ ፈተናው በስም ሳይሆን በኮድ መታረሙ፣ ከኮሚቴው ቢያንስ አንዱ ከውጭ መምጣቱ ነው። ለምሳሌ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከግብርና ቢሮ። ያኔ ብታልፍ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሠራለች።

ይህ ቦታ በተለይ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገርህ። የመስክ አስተባባሪ ቢሮ አይቀመጥም፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው የሚዞረው። አረሙን ከሐይቁ የሚጎትቱት የዳርቻው ቀበሌ ነዋሪዎች የቀን ሠራተኛ ሆነው ነው፤ ክፍያቸው በስም ዝርዝር ነው፣ ማንበብ የማይችለው በጣት አሻራ ይፈርማል። ለጀልባ ቤንዚን አለ፣ ለታንኳ ኪራይ አለ፣ ለምሳ አለ፤ ባለታንኳ ደግሞ የማሽን ደረሰኝ አይቆርጥልህም። እንዲህ ያለ ወጪ የሚጣራው አንድ ሰው ድንገት ዳርቻው ላይ ወርዶ "ዛሬ ስንት ሰው ነው የዋለው?" ብሎ ሲቆጥር ነው። ያ ሰው ከቦርዱ ነው የሚላከው። አንተ ቦርድ ላይ ካለህ ማን ሊወርድ ነው? ወርዶ ቢቆጥርስ፣ 40 የተባለው 31 ሆኖ ቢያገኘው ለማን ይነግራል?

ሥራውን ካላገኘች መመለስ ትችላለህ። ግን "ቦታዬን ጠብቁልኝ" ብለህ አትውጣ። እንዲያ ከሆነ ወጣህ አይባልም።

ጥያቄ፦ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። የቦርዳችን ሊቀመንበር ባለቤት ባሕር ዳር ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ሥልጠና ሲኖረን ምሳውም ሻይ ቡናውም ሁልጊዜ ከእሷ ነው። ዋጋዋ ከሌሎቹ ረከስ ይላል፣ ዓሣዋም የሚጣፍጥ ነው። ታዲያ ምን ክፋት አለው? ፕሮፎርማ እኮ ሦስት እሰበስባለሁ። ለሊቀመንበሩ እንደ ቀልድ ባነሳባቸው "ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" አሉ። (ስሜ ይቆየኝ)

መልስ፦ ሦስቱን ፕሮፎርማ ማን ነው የሚያመጣልህ? እውነቱን ለራስህ መልስ። ሁለቱን እዚያው ምግብ ቤት ያለችው ካሸሯ ከጎረቤት ለምና ከሆነ የምታቀርባቸው፣ አንድ ፕሮፎርማ ነው ያለህ። ሦስቱ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ያየ ኦዲተር ደግሞ ብዙ አይደክምም።

መርከሱ ጥሩ ነው፣ ግን ለድርጅቱ ሲረክስ ለእሷ ደግሞ በዝናብም በፀሐይም የማይቋረጥ ደንበኛ ነው። ከእሷ መግዛት በጭራሽ አይቻልም አልልህም። አንድ ከተማ ውስጥ ጥሩ ዓሣ የምትሠራ ሴት የሊቀመንበር ሚስት ስለሆነች ብቻ ገበያ ትከልከል አልልም። ዋጋውን የሚያወዳድረው ሰው ግን አንተ መሆን የለብህም። አንተ ለሥራ አስኪያጁ ትታዘዛለህ፣ ሥራ አስኪያጁ ለሊቀመንበሩ። ከሊቀመንበሩ ውጭ ያሉ ሁለት የቦርድ አባላት ፕሮፎርማውን አይተው ይፈርሙ፣ ዝምድናው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከእሷ በስንት ብር እንደተገዛ ለቦርዱ በአንድ መስመር ይቅረብ። ያን መስመር ለማየት ፈቃደኛ ካልሆኑ ነገሩ ረክሶ አይደለም።

"የፈረንጅ ቅንጦት" ስላሉት ደግሞ፣ ገንዘብ የሚልክላችሁ የአሜሪካ ድርጅት ከሆነ ብዙዎቹ ለአገራቸው የግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ይሞላሉ። እዚያ ላይ የቦርድ አባላትና ኃላፊዎች እርስ በርስ የቤተሰብ ወይም የንግድ ግንኙነት እንዳላቸው፣ የተጻፈ የጥቅም ግጭት መመሪያም እንዳላቸው በግልጽ ይጠየቃሉ። በእንግሊዝም የበጎ አድራጎት ሕግ የቦርድ አባል የትዳር ጓደኛ የምታገኘውን ክፍያ እንደ ራሱ ጥቅም ነው የሚያየው። እነሱ ለራሳቸው ያላዘኑትን ለእኛ ያዝናሉ? ግን ፈረንጁን እንተወው። እዚሁ እድራችን ውስጥ ድንኳኑን የገንዘብ ያዡ ሚስት እያከራየች ቢሆን፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው የወሩ ስብሰባ ላይ ተነስተው ነበር የሚጮሁት።

ጥያቄ፦ የአንድ የሴቶች ድጋፍ ድርጅት የቦርድ አባል ነኝ። የድርጅቱ የፕሮጀክት ኃላፊ ጓደኛዬ ነው፤ ጓደኛ ስል ገብቶሃል። ሰማንያ አልተፈራረምንም፣ ቤተሰብም አያውቅም። የምንሞላው የጥቅም ግጭት ቅጽ "የትዳር ጓደኛ" ነው የሚለው፣ ስለዚህ አይመለከተኝም አይደል? ብናገር ከተማው ሁሉ ነው የሚያውቀው። (ከፋሲሎ)

መልስ፦ ገብቶኛል። ይመለከትሻል። ስለ ኮንትራቱ ስትወስኚ ልብሽ ሰማንያ መኖሩን አይጠይቅም።

ግን ለከተማው መንገር የለብሽም። ለሊቀመንበሯ ብቻ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ተፈርሞበት። በስብሰባ ላይ የእሱ ፕሮጀክት ሲነሳ "የጥቅም ግጭት አለብኝ" ብለሽ ውጪ፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ማብራራት የለብሽም፣ ቃለ ጉባኤውም ዝርዝር አይፈልግም። ሦስት ጊዜ ከወጣሽ ሰው መገመቱ አይቀርም፣ እሱን አልደብቅሽም። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ከተቆረጠ ግን ፖስታው አይበቃም። ያኔ ወይ አንቺ ከቦርዱ ወይ እሱ ከሥራው፤ እሱ ደመወዝተኛ ስለሆነ አንቺ ብትወጪ ነው የሚቀለው። ከሠርጉ በፊት እንጂ ከመልሱ በኋላ አይሁን።